ኮፍያው ሲወድቅ

ታላቅ እህቱ ዓይኗን ስትገልጥ ወደ አልጋዋ ተጠጋ። ሐኪሙ ከግንባሯ በላይ ከጣት በማይሰፋ ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ዕጢውን ከአንጎሏ መሃል አውጥቶታል። ከትንሿ ፋሻ ሥር ረጅም ፀጉሯ እንዳለ ትራሱ ላይ ተበትኖ ነበር።

«ይሄ ማነው?» አላት ሐኪሙ ወደ እሱ እያመለከተ።

እንደማታውቀው ሰው አየችው። በደንብ እንድታየው ጎንበስ ሲል የደፋው ኮፍያ ወደቀ። ያኔ እጇ ቀስ ብሎ ተነሣና የተላጨ ራሱን ዳበሰ።

«ወንድሜ ነዋ! ድሬድ ፀጉርህን ምን በላው?»

«ትላጫለሽ ብዬ... ብቻሽን እንዳትሆኚ...»

«ማን ተላጭ አለህ? ሰው መጀመሪያ አይጠይቅም? ድሮም ችኩል ነህ!»

ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸሸው የኖረው ቁጣ ነበር። እጇን ይዞ ተንሰቀሰቀ።

«እታለም፣ እስቲ ድገሚልኝ» አላት።