ሰባት ነው ስምንት?

የዘረመል መመርመሪያው ማሽን ሊጨርስ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጓንቷን ታወልቃለች፤ መልሳ ታጠልቃለች።

ጠዋት ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል አሥራ ሁለት ናሙና፣ ባክቴሪያው በየሳህኑ አድጎ፣ መጥቶላት ነበር። በደንቡ ቢኬድ ባክቴሪያው ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ዘረመሉ እስኪወጣ ቀኑ ይመሻል። እሷ አቋራጩን ታውቃለች፦ ከሳህኑ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ውሃ ውስጥ ማማሰል፣ አሥር ደቂቃ ማፍላት፣ ማሽከርከር፣ ከላይ የጠለለውን ለምርመራ መውሰድ። አቋራጩ ጥፋት የለበትም። ቲዩቦቹን ከማፍያው አውጥታ በአልኮል ወልወል ስታደርጋቸው፣ የሁለቱ ክዳን ላይ የጻፈችው ቁጥር እልም አለ። ሰባት የቱ ነው? ስምንትስ? ሁለቱን እንደገና መሥራት ነበረባት፤ አልሠራችም። «በግራ የነበረው ሰባት ነው» አለች ለራሷ፤ ደመቅ አድርጋም ጻፈችበት።

ውጤቱ አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የክፍሉ ኃላፊ «እጅሽ ይባረክ! እኛ ብንሆን ይሄኔ ገና ጓንት እየፈለግን ነበር» ብለው ቤቱን አሳቁት። እሷም ሳቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ተነሥታ ሁለቱን ከየሳህናቸው እንደ አዲስ ሠራቻቸው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ማሽኑ ጢጥ ይላል።

መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ያለው ሰባት ላይ አይደለም። ስምንት ላይ ነው።

«ጋሼ…»

ኃላፊው ቀና ይላሉ። ስክሪኑን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ። ቁጣው እንደሚመጣ ስትጠብቅ ስልኩን ወደ እሷ ይገፉላታል። «እኔ መደወል እችላለሁ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ «ግን አንቺ ደውይ።»

ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትደውላለች። «ዶክተር፣ ጠዋት የሰጠሁዎት የሰባትና የስምንት ውጤት ተቀያይሯል። ቁጥሩ ጠፍቶብኝ በግምት ነው የጻፍኩት።»

ሐኪሟ የስምንቷን ካርድ ስትገልጥ ይሰማል። «ለስምንቷ ቀኑን ሙሉ የማይሠራ መድኃኒት ነው ስሰጣት የዋልኩት በይኛ!»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«አሁኑኑ እቀይርላታለሁ። ትኩሳቷ ለምን አልበርድ እንዳለ እናቷ ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው። ይቺውና፣ አንቺው ንገሪያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ እንቅልፍ ያጣች የወጣት ሴት ድምፅ ይመጣል።

«የላቦራቶሪዋ እህት ነሽ? ውጤቱን ቶሎ አደረሰችልን ሲሉኝ ከጠዋት ጀምሮ ስመርቅሽ ነው የዋልኩት። የወለድሽው ይደግልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።»

ባለሙያዋ በነፃ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች።

«እህቴ፣ ምርቃቱን አቆዪው። መጀመሪያ ያደረግኩትን ስሚኝ» ትላለች፤ አንድም ሳታስቀር ትነግራታለች።

ከስልኩ ወዲያ ጨቅላዋ ብቻ ታቃስታለች፤ በቀጭኑ፣ ሳታቋርጥ።