ኮረብታው የእኔ፣ ሐይቁ የአንተ

«ውጣልኝ ከዚህ!» አለች ሮንዳ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት።

ከጀርባዋ የቆመው ዱዌይን ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት የፈታችው ባሏ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ የሐይቁ ፓርክ ስም የተጠለፈበትን ኮፍያ ደፍቶ፣ በእሷ ፓርክ፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን የእሷን የእንጨት ባቡር፣ የሮለርኮስተሩን ሰልፍ ይዟል። ያውም የፊተኛውን ወንበር ሰልፍ።

«የያዝኩት ሰልፍ ነው እንጂ አንቺን አይደለም» አለ።

«ውላችን የት ሄደ? ኮረብታው የእኔ፣ ሐይቁ የአንተ!»

ውሉን ዳኛ አላጸደቀውም፤ ግን ሁለቱም አክብረውት ኖረዋል። ሲፋቱ የተካፈሉት ቤትና መኪና ብቻ አልነበረም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ያሉትን ሁለቱን እህትማማች የመዝናኛ ፓርኮችም ተካፍለዋል። የሁለቱም ባለቤት አንድ ኩባንያ ነው፤ አንደኛው በሰሜን ሐይቅ ዳር፣ ሁለተኛው በደቡብ ኮረብታ ላይ ነው፤ የአንዱ ዓመታዊ ካርድ ሌላውንም ያስገባል። ሮንዳና ዱዌይን ግን ቅዳሜና እሑዳቸውን ሮለርኮስተር ሰልፍ ላይ የሚጨርሱ ሰዎች ስለሆኑ፣ በአንድ ጠባብ ሰልፍ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ተፋጦ ከመቆም መካፈሉ ይሻላል ተባባሉ።

«ደግሞ ጀመራቸው» አሉ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌው ቨርነን። የሮለርኮስተር ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ድሮ ሁለቱን ያስተዋወቁም እሳቸው ናቸው። «ምነው ዱዌይን፣ ሐይቁ ሰለቸህ?»

«ሐይቁ ይሰለቻል እንዴ?» ዱዌይን ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «አሥራ ሰባት ሮለርኮስተር! ትኩስ ድንች ጥብስ በኮምጣጤ! እዚህ ምን አለ? ስፓጌቲ ላይ ቀረፋ የገባበት የሥጋ ወጥ ደፍተው ብላ ይሉሃል። የሕፃናት መጫወቻ ነው ይሄ!»

የሮንዳ ደም ፈላ። «የሕፃናት? ትንሽ አታፍርም? የናንተው ምንድን ነው፣ አስፋልት ላይ የተተከለ ብረት! ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ትልልቆቹን ትዘጋላችሁ!»

«እኔ ነኝ የምዘጋው?»

«ያንተ አይደል? ወስደህ የለም?»

ሰዉ ሳቀ። ሮንዳ አልሳቀችም። በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ እሷ ኮረብታውን ስታወድስ እሱ ሐይቁን፣ ከየኋላቸው ደግሞ ደጋፊ ተሰልፎ። ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ግን ነበረ። በተካፈሉ ዕለት ቀድማ የመረጠችው እሷ ነበረች። ልቧ ያለው ሐይቁ ጋ ነው፤ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ነው። ዱዌይን ግን ኮረብታውን እንደ ነፍሱ ይወዳል፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጀመሪያ የተቀጠረው ይህንኑ የእንጨት ባቡር ሊያስነሳ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ «ኮረብታውን» አለችና ፊቱ ሲጠቁር አይታ ረካች። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን አላየችውም።

ይህን ሁሉ የቻለችው እሱን ለመንሳት ብላ ነው። አሁን ዝም ብሎ ገብቶ ከተሳፈረበት፣ ለእሷ ምን ቀረላት?

«እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ዱዌይን ኮፍያውን አውልቆ ጨመደደው። «ናፈቀኝ።»

«ማን?»

«ባቡሩ ነዋ! ማን መሰለሽ?»

ቨርነን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

«ሐይቁ ጋ አሥራ ሰባት ሮለርኮስተር እያለህ?»

«እኔ ሐይቁን አልወደውም፣ ሮንዳ። ጠዋት እገባለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ እወጣለሁ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ የምትለቀልቀው ሙገሳ ምንድን ነው?»

«አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ ነዋ።»

ይሄኔ ሮንዳ እሳት ጎረሰች። ስድቡን ትችለው ነበር። የእሷን ሐይቅ ወስዶ፣ ምሳ ሳይደርስ ትቶት መውጣት! ከተራበ ሰው ነጥቆ ለውሻ መጣል ማለት ይኼ ነው።

«ፊት ወንበር፣ ሁለት ሰው!» አለች አስተናባሪዋ።

«አብረን አይደለንም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ወንበሩ የሁለት ነው። ካልፈለጋችሁ የሚቀጥለው ይግባ።»

«የሚቀጥለው እኔ ነኝ» አሉ ቨርነን ፈጠን ብለው።

የፊት ወንበር ለሰው የሚለቅ የማኅበሩ አባል ገና አልተወለደም። ሁለቱም ቃል ሳይተነፍሱ ዘለው ገቡ።

መያዣው ብረት ጭናቸው ላይ ወረደ፤ ባቡሩ እየተንቋቋ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሮንዳ ላታየው ምላ ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች። ግን ትሰማዋለች። ያኔ በልጅነቱ በድምፅ ማጉያ ለተሳፋሪው ይለው የነበረውን፣ «እጃችሁን ወደ ውስጥ፣ ራሳችሁን ቀና» የሚለውን፣ ለብቻው ያነበንባል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሷ ስድስት ዓመት እዚህ ስትመላለስ አንድም ቀን እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ይህም አናደዳት።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ከታች ያለው ጫካ ብቻ ነበር፤ እስከ ዳር ድረስ አረንጓዴ።

«ዱዌይን» አለች ፊቷን ሳትመልስ። ንዴቱ ከድምጿ አልወጣም፤ ግን ድምጿ ሰለል አለ። «እዚያ… ሐይቁ ጋ፣ ከትልቁ ባቡር አናት ላይ፣ መርከቦቹ አሁንም ይታያሉ?»

ዱዌይን ማነብነቡን አቆመ። ልቧ ሐይቁ ጋ እንደነበረ ገባው።

«አላውቅም» አለ። «እዚያ ላይ የምወጣው፣ እዚህ ያለሁ እንዲመስለኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ባቡሩ ገና ሳይወርድ ሮንዳ ጮኸች።