ከባዱ ከፊትህ ነው

«ሎጋው» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣው ራሱ ሎጋው ነው። ሌላ ሰው እስኪያወጣለት ድረስ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። ለባልደረባው ደግሞ «ከባዱ» የሚል ስም ሰጠው። ባልደረባው ወፍራም ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። ሎጋውን የሚያበግነውም ይሄው ነው።

ሁለቱም የአንዲት ነጋዴ ሴት ትንንሽ አውሮፕላኖች አብራሪዎች ናቸው። ሴትዮዋ በዚህ ሳምንት አንዳቸውን ዋና አብራሪ አደርጋለሁ ብላለች። የተመረጠው አዲሱን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ይረከባል፤ ያልተመረጠው ለተመረጠው ይታዘዛል። ሎጋው ለከባዱ ከመታዘዝ ሞቱን ይመርጣል።

«እሱን ሲያይ ወንበሩ ያለቅሳል እኮ!» ይላል በየሄደበት። «እሱ የተሳፈረ ቀን ሻንጣ ይወርዳል።»

አየር ማረፊያው በሙሉ ከባዱ፣ ከባዱ ማለት ለመደ። ያልለመደችው የሰውዬው እህት ብቻ ናት። ማማው ላይ ተቀምጣ አውሮፕላኖቹን ተራ የምታስይዘው እሷ ነች። ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። «ወንድሜ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው» ትላለች። ሎጋው ይህን ካወቀ ወዲህ ሆን ብሎ እሷ ባለችበት ያነሳዋል።

አንድ ቀን ጠዋት የአየር ማረፊያው ኃላፊ አብራሪዎቹን ሰብስቦ ስለተራዘመው ማኮብኮቢያ ማስረዳት ጀመረ። ሎጋው ከመሃል ብድግ ብሎ ወጣ።

«አስፋልት ረዘመ ተብሎ ስብሰባ! ነገ ደግሞ ሳሩ ታጨደ ብላችሁ ጥሩን» አለ በሩ ላይ ቆሞ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀለት። ለእሱ ይህ ይበቃዋል።

የዚያን ቀን ሥራው ሴትዮዋን ወደ ሌላ ከተማ አድርሶ ይዟት መመለስ ነበር። ከባዱም በሌላ አቅጣጫ ዕቃ አድርሶ በዚያው ሰዓት ግድም እንደሚመለስ ሎጋው ሰምቷል። ሎጋው ቀድሞ ተነሳ።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ታበራባቸው ነበር። ከተማውን የአቧራ ጭጋግ ውጦታል። ሎጋው መንገዱን ሙሉ ስለ ራሱ ሲያወራ መጣ። አንድ የማያውቀው ጎርናና ድምፅ በሬዲዮ ከማማው ጋር መነጋገር ሲጀምር፣ ወሬውን አቋረጠብኝ ብሎ ድምፁን ቀነሰው።

«እኔ ሳሳርፍ፣ እትዬ፣ ጭንዎ ላይ እንቁላል ቢይዙ አይሰበርም።»

«እስቲ እናያለን» አለች ሴትዮዋ ቀበቶዋን እያጠበቀች።

ወዲያው የእህትየው ድምፅ መጣ። «ከባዱ ከፊትህ ነው። የአየር ነውጥ ትቶ ነው የሚያልፈው፤ እንዳትጠጋው። አንድ ዙር ጨምር።»

ሎጋው ሳቁ አመለጠው። ጉድ በል! እሷም ለመደችው! የገዛ ወንድሟን ያውም በሬዲዮ!

«ምን አለች?» አለች ሴትዮዋ።

«ወንድሟ ቀድሞ እንዲያርፍ እኔን ሰማይ ላይ ልታንከራትተኝ ነው። ነውጥ ትላለች ደግሞ! ምሳ አብዝቶ ይሆናል።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «አንድ ዙር ብንዞር ምን እንጎዳለን?»

ምን እንጎዳለን? ሎጋው ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ከባዱ ቀድሞ ያርፍና በሩን ይከፍትላታል፣ እጇን ይዞ ያወርዳታል፣ ሹመቱንም እዚያው ይወስዳል። እህትና ወንድም መክረውበታል ማለት ነው።

«ከፊትህ ያለው ይታይሃል?» አለች እህትየው።

በሙያው ደንብ «አየሁት» ያለ አብራሪ ርቀቱን የሚጠብቀው ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማማውን አይጠይቅም። ሎጋው በጭጋጉ ውስጥ የሆነ መብራት ብልጭ ሲል አየ። ከመብራቱ በቀር ምንም አልታየውም።

«አየሁት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? እሱ ካለፈበት ዝቅ ብለህ እንዳትገባ።»

«አየሁት አልኩሽ እኮ! ከባዱን ማን ያጣዋል?»

«እንግዲህ በራስህ ኃላፊነት» አለች እህትየው።

ሎጋው መዞሪያውን አሳጥሮ፣ ዝቅ ብሎ ገባ። ጭራውን ይዤ አብሬው አርፋለሁ ብሎ ነው። አየሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ማኮብኮቢያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የግራ ክንፉን አንድ ነገር አፈፍ አድርጎ ወደ መሬት ጎተተው። መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ አጠፈው፤ ወይ ፍንክች! መሬቱ በጎን መስኮት በኩል መጣ። «እናቴ ድረሽልኝ!» ብሎ የጮኸው ሎጋው ነው። መሬት ሊነኩ ሲሉ የያዛቸው ነገር እንደ ያዛቸው ድንገት ለቀቃቸው። ክንፉ ቀና አለ፣ አውሮፕላኑ ሳሩ ላይ ተከሰከሰ፣ አንድ እግሩ ተሰበረ፣ በሆዱ ተንፏቆ ቆመ።

በአቧራው ውስጥ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ታቅፎ እያለከለከ ደረሰ። ከባዱ ነበር። በሩን ገንጥሎ ሴትዮዋን ደግፎ አወጣት።

«ተረፉ፣ እትዬ?»

«ተርፌያለሁ። ቀስ አድርገህ አውርደኝ፣ ዋና አብራሪ» አለችው።

ሎጋው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ግንባሩ እየደማ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«ሌባ! ከፊቴ ሆነህ የገለበጥከኝ አንተ ነህ! ምስክሬ እህትህ ናት፤ ከባዱ ከፊትህ ነው ያለችኝ በገዛ አፏ ነው!»

ወፍራሙ ሰውዬ ግራ ገብቶት በግሪስ የተጨማለቀ ቱታውን አየ። «እኔ? እኔማ ሞተሬ አልነሳ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ተጋድሜ ነው የዋልኩት።»

አቧራው ገለል ሲል፣ ረጅሙን ማኮብኮቢያ ጨርሶ ወደ መንገደኛ ማራገፊያው የሚዞር ባለ አራት ሞተር፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን፣ በማማ ቋንቋ «ከባዱ» የሚባለው፣ ከሰውዬው ኋላ ታየ፤ በየመስኮቱ የተደረደረው መንገደኛም ሎጋውን ቁልቁል ያየው ነበር።