የእማዋይሽ ዓይን

አሮጌ ሰው ሠራሽ ዓይን በመጠገን ሰፈራችን ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቋርጥስ? የአክስቴ የእማዋይሽ ዓይን የምታየውን ነገር ሁሉ ስም ከሥሩ ይጽፍላት ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን በፊደሉ ፈንታ ባለቀለም ነጠብጣብ ብቻ ሆነባት።

«ናሆምን ካጠፋሽብኝ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ!» አለችኝ ገና ገመዱን ዓይኗ ላይ ሳልሰካ።

ናሆም የሞተ ልጇ ነው። መልኩ ዓይኗ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ምሳ ሲቀርብ ወንበሩ ላይ ታየዋለች። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለወንበር ስትስቅ አያለሁ።

ችግሩን ወዲያው አገኘሁት። ሜሞሪው ውስጥ ፊደሉ አንድ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ አሳልፎ እየጀመረ ፊደሉን ቀለሙ ቦታ ላይ ይጽፈዋል። አስተካከልኩት። ከዚያ የተረፈውን ነጠብጣብ ላጥፋ ብዬ ሜሞሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ አደረግኩት። ከሜሞሪው የሚታየውን ገጽ ብቻ ማጽዳት ይበቃ ነበር፤ ከኋላው የተደበቀ ገጽ መኖሩን ማን አሰበ?

ምሳ ቀረበ። አክስቴ የናሆምን ሳህን ልትሞላ ወደ ወንበሩ ዞረች። ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረ።

ዝም ማለት አልችልበትም። «ምነው? ፊደሉ ጥርት ብሎ አይነበብም እንዴ?» አልኳት።

«ይነበባል» አለች ወንበሩን እያየች። «‹ባዶ ወንበር› ይላል።»