ሰማይ ላይ የጮኸችው ሳጥን

ሳጥኗ እፍኝ አትሞላም፤ ጩኸቷ ግን፣ ልጆቼ፣ የሞተ ይቀሰቅሳል።

በደርግ ጊዜ ነው። ተሰደን ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ልጄ አወቀ ደብረ ዘይት ሳለ የአውሮፕላን ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ከተጣለ ሬዲዮ ሁለት ሳጥን ሠራ። አንዷ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ትጣራለች፤ ሁለተኛዋ ጥሪዋን ስትሰማ ትጮሃለች። በሁለት አውሮፕላን ከተጫኑ እነዚያ አይጋጩም ማለት ነው። ቁልፋቸውን ጫን ጫን አድርጎ ሲያሳየኝ አማተብኩ። የትልልቆቹ አውሮፕላኖች መሣሪያ የቤት ዋጋ ያወጣል አሉ፤ የእሱ የፍየል።

ካፕቴን ሙቱዋ የሚባል የሁለት ትንንሽ አውሮፕላን ጌታ፣ “ከሠራች እቀጥርሃለሁ፤ የሥራ ፈቃድም አወጣልሃለሁ” አለው። ፈቃድ ካላገኘ በወሩ መጨረሻ ከአገር ውጣ ተብሏል፣ ልጄ።

የመጀመሪያው ቀን ፈተና ዝም ማለት ነበር። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ጯሂዋ መጮህ የለባትም። የተጣሪዋ ተራ ነገ ነው፤ ቤት ትቆያለች።

እኔ ዳቦ ቋጠርኩ። ጎረቤታችን ዘርአይ፣ የአስመራው፣ ስዋሂሊ ስለሚችል አብሮ ሄደ። ቋጠሮውን ሲቀበለኝ፣

“እማማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጋገሩት?” አለ። ምላሰኛ ነው።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ሦስቱም ሰማይ ላይ ሆነው ጯሂዋን ቢያበሯት እሪ አለች! ካፕቴኑ ግራ ቀኝ ቢያይ አሞራ እንኳን የለም። ወረዱ፤ ወርደውም አላባራችም።

“ውሸታም ናት” አለ ካፕቴኑ።

አወቀ ዘርአይ ላይ አፈጠጠ። “አንተ ነህ! ኪስህ ውስጥ ምን ይዘሃል?”

ዘርአይ ኪሱን ገለበጠ፤ ማበጠሪያና መሐረብ። “ሱሪዬንም ላውልቅልህ?” ብሎ፣ ቋጠሮውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በማታቱ፣ በእነሱ አገር ሚኒባስ፣ ወደ ቤት ተመለሰ።

ማታቱው ከዓይን ሲሰወር ሳጥኗ ጸጥ!

ካፕቴኑ በሳቅ ፈረሰ። “በል አንድ ዙር እንሞክር” አለ። ዞሩ፤ ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱ ተጣሪዋን በሌላኛው አውሮፕላን ጭነው ሞከሩ፤ ሲቀርብ ብቻ ጮኸች። ፈቃዱም ወጣ።

አወቀ ግን፣ “የዘርአይ ደም ኤሌክትሪክ አለበት” ብሎ ዓመት ሙሉ ሳጥኖቹን አላስቀረበውም። ዘርአይም፣ ምስኪን፣ አምኖ ሬዲዮ ባየ ቁጥር ይሸሽ ጀመር።

እኔ ምን አባቴ ልበል፤ መንታ አይለያይም ብዬ፣ ተጣሪዋን ቁልፏን ጫን አድርጌ ከዳቦው ሥር የቋጠርኳት እኔው ነኝ።