የእሑድ ስንቅ

መርከቧ በደኅና ዘመኗ የባሕር ጥልቀት እያጠናች ብዙ አገር ዞራለች፤ አሁን ከወደቡ ማዶ ቆማ እስር ቤት ሆናለች። ሴትዮዋ እሑድ እሑድ በጀልባ እየሄደች የባሏን የመርዕድን ስም ትጠራለች። ቅርጫት በገመድ ይወርዳል፣ ስንቁ ይወጣል፣ ባዶው ሳህን ይመለሳል። ባሏን ካየችው ዓመት አልፏል። በሕይወት መኖሩን የሚነግራት ይኸው ሳህን ብቻ ነው።

የዚያን እሑድ ቅርጫቱ ሽቅብ ሲሄድ፣ አብረዋት የመጡት እትዬ ስንዱ ሽታው ደረሳቸው።

«አንቺ፣ ሥጋ ነው እንዴ የሠራሽው? ፍልሰታ እኮ ዛሬ ገባ!»

ክው አለች። «ወይኔ፣ ቀኑ ጠፋብኝ! መርዕድ ታይፎይድ ይዞት እንኳ ጾም አልገደፈም። ሳይበላ ሊውል ነው!»

ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ባሕር ውስጥ ልትከቺን ነው!»

«መልሱልኝ!» ብላ ወደ ላይ ጮኸች። «ተሳስቼ ነው፣ መልሱልኝ!»

ቅርጫቱ ቆይቶ ወረደ። ሳህኑ ውስጥ የተጋጠ አጥንት ብቻ ነበር።

«ባልሽ ጥርግ አድርጎ በላው!» አላት ዘበኛው ከላይ። «እጅሽ ይባረክ ብሏል!»

ሳህኑን አቅፋ አጥንቱን አየች፤ ከዚያ ወደ ዘበኛው ቀና አለች።

«እሱ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ዘጠኝ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። የያዘችው ለዘጠኝ ሰው የሚበቃ ምስር ወጥ ነበር። የባሏን ስም ጠራች፤ ቅርጫቱም ወረደ።