ከግራ ትከሻዋ በላይ

ሰቆጣ ከተማ ፎቶ ማንሳት የምትማረው ምንትዋብ የራሷን አነሳስ ስትፈልግ ሦስት ወር ከረመች። አስተማሪዋ ተስፋው ሥራዎቿን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አየና፣ "አገኘሽው እኮ!" አላት። "ያነሳሻቸው ሰዎች ሁሉ ካሜራውን ትተው ከግራ ትከሻሽ በላይ ነው የሚያዩት። እንዴት ብለሽ ነው የምታዣቸው?"

አላዘዘቻቸውም። ግን አልገረማትም፤ ያን ቁመተ ሎጋ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ የሚገርማት ነገር የለም።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብላ አቶ ደግሰው የሚባሉ አዛውንት ገበሬን ደጃፋቸው ላይ አስቀመጠች።

"አባ፣ ወደ እኔ ይዩ።"

ካሜራውን ስታነሳ ሽማግሌው ብድግ አሉ።

"ምነው አባ?"

"እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?"

"እኔ ቆሜ ነው የምሠራው።"

"አንቺስ ሥራሽ ነው" አሉና ከቤት በርጩማ አምጥተው ከኋላዋ አኖሩ። "አረፍ በል ልጄ።"

ምንትዋብ ዞራ አላየችም። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከግራ ትከሻዋ በላይ እያዩ ጠበቁ።

ከኋላዋ በርጩማው ሲጥ አለ። የሽማግሌው ዓይን ቀስ እያለ ወደ ወገቧ አጠገብ ወረደ።